ጎብኚ፣ ተሳላሚ እና ስያሜ፦ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የሚዘጋጅ የቡድን ጉብኝት በቅዱሳት ሥፍራዎች

በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር መገባደጃና በሰኔ፣ መቀመጫውን በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ያደረገው ቶቶ ቱርስ የተባለ አስጎብኚ ድርጅት በተከታዩ ጥቅምት ወደ ኢትዮጵያ ሊያደርገው ያቀደው የቡድን ጉዞ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ድርጅቱ ጉዞዎቹን የሚያሰናዳው ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መሆኑን በግልጽ የሚያስታውቅ ነው። ባሕር ዳርና ላሊበላ በጉዞው ዕቅድ ውስጥ ነበሩ። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር ትስስር ያለው አንድ ማኅበር መንግሥት ጉዞውን እንዲያግድ ጠየቀ፤ በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ዛቻ ጎረፈ፤ የድርጅቱ ኃላፊም የግድያ ማስፈራሪያ እንደ ደረሳቸው ለዓለም አቀፍ የዜና አውታሮች ተናገሩ።

በወቅቱ የተካሄደው ክርክር በሁለት መንገድ ብቻ የሚሄድ ነበር። አንደኛው ወገን ስለ ቅድስና፣ ሁለተኛው ስለ መብት ይናገራል፤ አንዱም ሌላውን አያዳምጥም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያነሳው ጥያቄ ከሁለቱም ጠበብ ያለ ነው። ላሊበላ ለአሥርት ዓመታት የውጭ ጎብኚዎችን ስታስተናግድ ኖራለች። ከእነዚያ ሁሉ መካከል የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች አልነበሩም ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው፤ መጥተዋል፣ ጫማቸውን አውልቀው ገብተዋል፣ ፎቶ አንሥተው ተመልሰዋል፤ የጠየቃቸውም አልነበረም። ታዲያ በ2011 ዓ.ም. ምን አዲስ ነገር ተፈጠረ? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መልስ፣ አዲስ የሆነው ተጓዡ ሳይሆን ስያሜው ነው የሚል ነው። ስያሜው ለምን እንደሚያስፈልግ፣ በቅዱስ ሥፍራ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ለምን ሌላ ትርጉም እንደሚይዝ ማስረዳት የጽሑፉ ዓላማ ነው።

ስለ ቃላት

በአማርኛ የተለመደው ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው። ቃሉ በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የሰዶምን ታሪክ ተሸክሞ የሚመጣ በመሆኑ ገና ሲጠራ ፍርድ ይሰጣል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚለው ሐረግ በአንጻሩ በቅርብ ጊዜ በትርጉም የመጣ፣ ረጅምና በዕለት ተዕለት ንግግር ብዙም የማይሰማ ነው፤ ነገር ግን ሰውን ከድርጊት ይለያል። እዚህ ላይ ሕጉ ሲጠቀስ የመጀመሪያው፣ ስለ ሰዎቹ ሲነገር ሁለተኛው ቃል ሥራ ላይ ውሏል።

ሌላም የቋንቋ ችግር አለ። በቱሪዝም ንግድ «ጌይ ፍሬንድሊ» የሚባለው ቅጽል የሚገልጸው እንግዳውን ሳይሆን አስተናጋጁን ነው። ሆቴሉ፣ መኪናው፣ አስጎብኚው እንግዳውን ሳያሸማቅቅ ይቀበላል ማለት ነው። የቡድኑ አባላት እነማን እንደሆኑ ለመናገር ሌላ አገላለጽ አለ። አማርኛችን ግን ሁለቱን የሚለይበት የተዘጋጀ ቃል የለውም። ስለ አስተናጋጁ ጠባይ የተሰጠ ማረጋገጫ ወደ አማርኛ ሲገባ ስለ እንግዳው ማንነት የተነገረ ዐዋጅ ይሆናል። ቶቶ ቱርስን የመሰለ ድርጅት ሁለቱንም ዓይነት ስያሜ ስለሚጠቀም ልዩነቱ በዚያ ጉዳይ ላይ ወሳኝ ነበር ለማለት አይቻልም፤ ሆኖም አንድ የአዲስ አበባ ሆቴል «ጌይ ፍሬንድሊ» ነው ተብሎ በአንድ የጉዞ ዝርዝር ላይ ቢወጣ በአማርኛ ምን ተብሎ ሊዘገብ እንደሚችል መገመት ቀላል ነው።

ስያሜው የተወለደበት ምክንያት

ለተለየ ደንበኛ የሚዘጋጅ የጉዞ መረጃ ከደስታ በፊት የደኅንነት ጉዳይ ነበር። በአሜሪካ ቪክተር ግሪን የተባለ የፖስታ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1936 ማሳተም የጀመረው መመሪያ ጥቁር አሜሪካውያን በዘር ልዩነት ዘመን በመኪና ሲጓዙ የትኛው ሆቴል እንደሚያሳድራቸው፣ የትኛው ነዳጅ ማደያ እንደሚያስተናግዳቸው የሚዘረዝር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በቦብ ዳምሮን የታተመው የኪስ አድራሻ መጽሐፍ ደግሞ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጠ። የሁለቱ ማኅበረሰቦች ታሪክ አንድ አይደለም። የመመሪያዎቹ አሠራር ግን አንድ ነው፤ በማያውቁት አገር በር ከማንኳኳት በፊት በሩን ማን እንደሚከፍት ማወቅ።

ከአድራሻ ዝርዝር ወደ ቡድን ጉዞ የተደረገው ሽግግር በ1970ዎቹ የጀመረ ሲሆን፣ ሃንስ ኢበንስተን ለወንዶች ያዘጋጀው በግራንድ ካንየን ወንዝ ላይ የተደረገ የጀልባ ጉዞ ከመጀመሪያዎቹ ይቆጠራል። ኦሊቪያ የተባለው ድርጅት በ1973 የሴቶች የሙዚቃ አሳታሚ ሆኖ ተቋቁሞ በ1990 ወደ መርከብ ጉዞ ገባ። የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1983 ተመሠረተ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅትም በ2012 እና በ2017 ስለዚሁ ገበያ ሁለት ሪፖርቶችን አውጥቷል። ሃምሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በኪስ ከሚደበቅ መጽሐፍ ወደ መንግሥታት ሪፖርት ማለት ነው።

የገበያው ቅንጡ ክፍል በቁጥር አነስተኛ ቡድን፣ በጥሩ ሆቴል፣ በአገር ውስጥ በረራና ዕውቀት ባለው አስጎብኚ ላይ የተመሠረተ ነው። ደንበኞቹ በአብዛኛው በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ጊዜና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የሚመርጡትም ታሪካዊና ሃይማኖታዊ ቦታዎችን ነው፤ የናይል ሸለቆ፣ ፔትራ፣ ኢየሩሳሌም፣ የሕንድ ቤተ መቅደሶች። ለአጥኚ የሚያስደንቀው የጉዞውን ዕቅድ ከሌሎች ቅንጡ ጉዞዎች ዕቅድ ጋር ጎን ለጎን ሲያነብቡት ነው። ስያሜው በመርሐ ግብሩ ላይ አንድም ማረፊያ አይጨምርም፤ አንድም አይቀንስም። ላሊበላ በሁለተኛው ቀን ይሁን በስድስተኛው፣ የሚታዩት ያው 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ናቸው።

ስያሜው የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው፤ የማታውን ገበታ። ለ2 ሳምንት አብረው ከሚጓዙ የማያውቋቸው ሰዎች ጋር እራት ላይ «ባለቤትዎ የት ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቁ ሳይዋሹ መመለስ መቻል ነው። ሌላው የክፍል ድልድል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቷ በፊት በአንድ አስጎብኚ ቢሮ ውስጥ ለሆቴሎች የሚላከውን የክፍል ዝርዝር ታዘጋጅ ነበር። ዝርዝሩ ከስም ቀጥሎ አንዲት ጠባብ ዓምድ አለችው፤ «ትዊን» ወይም «ደብል»፣ ማለትም ሁለት አልጋ ወይም አንድ ሰፊ አልጋ። በሁለት የወንድ ስሞች ፊት «ደብል» ተብሎ ሲመጣ ቢሮው ውስጥ ጸጥታ ይሆናል። አንዱ የትየባ ስሕተት ነው ይላል፤ ሌላው «ትዊን» ብሎ ያርመዋል፤ ደብዳቤ ጽፎ የሚጠይቅ የለም። እንግዶቹም ሲደርሱ ሁለት አልጋ ያገኛሉ፤ ምንም አይናገሩም። ስያሜ የሌለው ጉዞ ማለት ይህ ነው። ስያሜው ያለው ድርጅት የሚሸጠው ደግሞ ያቺ ዓምድ ሳትታረም እንድትደርስ ነው።

በደጀ ሰላሙ ያለው ሥርዓት

የቅዱስ ሥፍራን የመግቢያ ሥርዓት ሳይረዱ ተቃውሞውን እንደ ጥላቻ ብቻ ማንበብ የተለመደ ነው። ጥላቻ አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ የግድያ ዛቻ ሌላ ስም የለውም። ነገር ግን ከዛቻው ሥር ያለው ሥርዓት ራሱን የቻለ አመክንዮ አለው።

አማርኛ ወደ ቅዱስ ሥፍራ የሚሄደውን ሰው በሁለት ይከፍለዋል፤ ጎብኚ እና ተሳላሚ። ተሳላሚ ደጁን ይስማል፤ ጎብኚ ያያል። ተሳላሚው የሚገባበት መጠን በራሱ ኅሊና ይወሰናል። የቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ መከፈሉ ይታወቃል፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ ዓፀዱ አለ። ንጹሕ አይደለሁም የሚል ምእመን ከደጅ ቆሞ ይጸልያል። ማንም አያስቆመውም፤ ማንም ምክንያቱን አይጠይቀውም። ምክንያቱን የሚያውቁት እርሱና የንስሐ አባቱ ናቸው። በዘወትር ቅዳሴ ጊዜ ከደጅ የሚቆመው ሕዝብ ብዛት ለውጭ ተመልካች ቤተ ክርስቲያኑ የጠበበ ያስመስለዋል፤ በእርግጥ ግን እያንዳንዱ ራሱን መዝኖ የቆመበት ቦታ ነው። ይህ ሥርዓት ያለ ጥያቄና ያለ መልስ የሚሠራ ነው። ነውርን የሚያስተዳድረው በምርመራ ሳይሆን በዝምታ ነው።

በግልጽ የታወጀ ክልከላም አለ። በደብረ ዳሞ ገዳም ሴት አትገባም። በጣና ሐይቅ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንዶች ብቻ የተፈቀዱ ሲሆኑ፣ በዘጌ የሚገኘው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው። በላሊበላም ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከእንግዶች ጋር ስትሄድ ወንዶቹ እስኪመለሱ ከበሩ አጠገብ ካለው የድንጋይ ግድግዳ ሥር መቆም ነበረባት። ክልከላው አስደሳች ነው ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ ለሁሉም እኩል የሚሠራ፣ አይቶ የሚለይና የማንንም የግል ምስጢር የማይጠይቅ ነው። ጀልባ ሲከራዩ ቀዛፊው ይነግራል።

ጎብኚው ከሁለቱም ሥርዓት ውጭ ነው። የንስሐ አባት የለውም፤ ራሱን መዝኖ ከደጅ እንዲቆም የሚጠብቅበትም የለም። እርሱን የሚያስገባው ትኬት ነው። ላሊበላ ለውጭ አገር ጎብኚ ለዓመታት 50 የአሜሪካ ዶላር ስታስከፍል ቆይታለች፤ ገንዘቡን የሚሰበስበውም ራሱ የደብሩ አስተዳደር ነው። ከትኬቱ በኋላ የሚጠየቀው ጫማ ማውለቅና አለባበስ ማስተካከል ብቻ ነው። ስለ እምነቱ፣ ስለ ትዳሩ፣ ከማን ጋር እንደሚያድር ጠያቂ የለም። ሙስሊሙም፣ እምነት የለሹም፣ ከሚስቱ ያልሆነች ሴት ይዞ የመጣውም በዚያው ትኬት ይገባሉ። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ባወጣው የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት 12 ሥፍራዎች አንዷ ስትሆን «የሰው ልጆች ሁሉ ቅርስ» የሚለው ሐሳብ በተግባር የቆመው በዚህ ባለመጠየቅ ላይ ነው።

እንግዲህ ስያሜው ይህን ሥርዓት ምን እንደሚያደርገው ማየት ይቻላል። ያልተጠየቀ ጥያቄ ይመልሳል። ደብሩ ሳይጠይቅ በማስታወቂያ ተነገረው፤ ከተነገረው በኋላ ደግሞ እንዳልሰማ ሊሆን አይችልም። ካህኑ ዝም ቢል እንደ ፈቀደ ይቆጠርበታል፤ ቢከለክል በትኬት ሲያስተናግድ የኖረውን ዓለም ይጋፈጣል። በአስጎብኚው ድርጅት በኩል ስያሜው የደኅንነት መረጃ ነው፤ በደጀ ሰላሙ በኩል ግን እንደ ዐዋጅ ተሰማ። ሁለቱም የሰሙት አንዱን ቃል ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ሥርዓት ውስጥ በትክክል ሰምተውታል።

እዚህ ላይ በሰልፍና በጉብኝት መካከል ያለውን ልዩነት ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 በኢየሩሳሌም የአይሁድ፣ የክርስትናና የእስልምና ሃይማኖት መሪዎች በአንድ መድረክ ተቀምጠው በከተማዋ ሊካሄድ የታቀደውን ዓለም አቀፍ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በዓል መቃወማቸው ይታወሳል። የበዓሉ ሰልፍ ተራዝሞ በኅዳር 2006 ከአደባባይ ይልቅ በአንድ ስታዲየም ውስጥ ተካሄደ። ሰልፈኛ የሚመጣው ለመታየት ነው፤ ጎብኚ የሚመጣው ለማየት ነው። በ2011 ዓ.ም. በእኛ ዘንድ የነበረው ተቃውሞ ጉብኝቱን እንደ ሰልፍ አነበበው። ስያሜው ይህን ንባብ አመቻችቷል ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ድርጅቱ ግን ሰልፍ አላዘጋጀም።

ሕጉ የማይተነብየው ነገር

እንዲህ ያለ ግጭት የሚነሣው ሕግ በሚከለክልባቸው አገሮች ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። ሁለት የመርከብ ጉዞዎች ይህን ያስተባብላሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የካሪቢያን የካይማን ደሴቶች አስተዳደር ወደ 900 የሚጠጉ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶችን የያዘች መርከብ ወደቡ እንዳትደርስ ከለከለ። በዚያን ጊዜ በደሴቶቹ ድርጊቱ በሕግ የሚያስቀጣ ነበር፤ ብሪታንያ በ2001 መባቻ ላይ ሕጉን ሽራዋለች። እስከዚህ ድረስ ሕግና ክልከላ ተስማምተዋል።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። በመስከረም 2000 ወደ 800 የሚሆኑ መንገደኞችን የያዘች መርከብ በቱርክ ኩሻዳሲ ወደብ ስትደርስ ፖሊስ መንገደኞቹን ወደ መርከባቸው መለሳቸው። ኩሻዳሲ ጥንታዊቷን የኤፌሶን ከተማ ለማየት የሚወረድባት ወደብ ናት፤ ከኤፌሶን ፍርስራሽ በላይ ባለው ተራራ ላይም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚሳለመው የእመቤታችን የማርያም ቤት የሚባለው ሥፍራ ይገኛል። በቱርክ ድርጊቱን የሚቀጣ ሕግ አልነበረም፤ ከኦቶማኑ የ1858 የወንጀል ሕግ ጀምሮ የለም። ጉዳዩ ዜና ከሆነ በኋላ የአገሪቱ የቱሪዝም ሚኒስትር ይቅርታ ጠየቁ። ሕግ ሳይኖር በር ተዘጋ፤ በሩን የዘጋውም የሃይማኖት ተቋም ሳይሆን የወደብ ፖሊስ ነበር። በሁለቱም አጋጣሚዎች የጋራ የሆነው ነገር መርከቧ ሙሉ በሙሉ በአንድ ስያሜ መከራየቷ ነው። ያው ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በተለያዩ መርከቦች ቢመጡ ኖሮ ኤፌሶንን አይተው ይመለሱ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚፈጸም ግብረ ሰዶምን በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ አንቀጽ 630 ቅጣቱ የሚከብድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። አንድ ሰው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን መናገሩ፣ በዚህ ስም በሚጠራ ቡድን ውስጥ መጓዙ ወይም ውቅር ቤተ ክርስቲያን መጎብኘቱ በአንቀጹ ቃል ውስጥ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አረዳድ ጉዞውን «ሕገ ወጥ» ያለው ክርክር በሕጉ ፊደል ላይ ሳይሆን በግምት ላይ የቆመ ነበር፤ ያቺን የክፍል ዝርዝር ዓምድ አስቀድሞ እንደ ማስረጃ በመቁጠር።

ሌላው ሳይነሣ የቀረ ነጥብ የጥያቄው አድራሻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ደብረ ዳሞ ሴቶችን የማያስገባው መንግሥት ስለከለከለለት አይደለም፤ ገመዱ በራሱ እጅ ስለሆነ ነው። በ2011 ዓ.ም. የቀረበው ጥያቄ ግን ደብሩ ደጁን እንዲዘጋ ሳይሆን መንግሥት ጉዞውን እንዲያስቆም ነበር። ለምን? አንዱ ምክንያት ደብሩ ራሱ ደጁን የሚዘጋበት መሣሪያ ስለሌለው ይመስላል። ማንን ይለያል? እንደ ሴትና ወንድ አይቶ አይለይ፤ ቢጠይቅ ደግሞ ለዘመናት የኖረበትን ያለመጠየቅ ሥርዓት ያፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ በበሩ ላይ የሚጠየቀው የውጭ ጎብኚ ብቻ እንደማይሆን የሚያውቁት ካህናቱ ናቸው።

የሥነ ምግባር ደንቡ ሁለት አፍ

በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ የቱሪዝም ተማሪዎች ፈጥነን የምንጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ1999 የጸደቀውን ዓለም አቀፍ የቱሪዝም ሥነ ምግባር ደንብ ነው። ደንቡ በመጀመሪያው አንቀጹ መቻቻልንና የሃይማኖት፣ የፍልስፍናና የግብረ ገብ እምነቶችን ብዝኃነት ማክበርን የቱሪዝም መሠረት ያደርጋል። ችግሩ ይህ አንቀጽ ለሁለቱም ወገን የሚያገለግል መሆኑ ነው። ተቃዋሚው «እምነቴን አክብሩ» ብሎ ይጠቅሰዋል፤ አስጎብኚው «ብዝኃነትን አክብሩ» ብሎ ይጠቅሰዋል። ደንቡ ተጋላጭ የሆኑ ቡድኖችን በዘረዘረበት ቦታ ሕፃናትን፣ አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ አናሳ ብሔረሰቦችንና ነባር ሕዝቦችን ሲጠቅስ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን በስም አይጠቅስም። ደንቡ ወደ ስምምነት ሰነድነት ያደገው በመስከረም 2019፣ ጉዞው ሊደረግ ከታሰበበት ጊዜ አንድ ወር አስቀድሞ ነበር። ለላሊበላ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ከዚያ ሰነድ ማግኘት አልተቻለም።

ከጉዞው በኋላ የሚቀሩት

በክርክሩ ውስጥ ስማቸው ያልተነሣ ሁለት ወገኖች አሉ።

የመጀመሪያዎቹ አስጎብኚዎች፣ ሾፌሮችና የሆቴል ሠራተኞች ናቸው። የውጭ ድርጅት ጉዞውን የሚሸጠው በራሱ አገር ነው፤ መኪና፣ አልጋና መሪ የሚያቀርበው ግን የአገር ውስጥ ድርጅት ነው። እንግዶቹ ኤምባሲ አላቸው፤ የመመለሻ ትኬትም አላቸው። የላሊበላ አስጎብኚ ግን በማግሥቱ እዚያው ገበያ ይወጣል፣ እዚያው ይሳለማል፣ ልጁን እዚያው ክርስትና ያስነሣል። «የእነርሱ አስጎብኚ» ተብሎ ቢጠራ ስሙን ይዞ የሚሄድበት ሌላ ከተማ የለውም። በቅንጡ ገበያ ውስጥ ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍለው እንግዳው ነው ይባላል፤ ከፍተኛውን ኪሳራ ሊሸከም የሚችለው ግን በቀን አበል የሚሠራው ሰው ነው። እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ጥያቄ ለእርሱ የሥራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ የበረራ ቁጥርና የእንግዶች ብዛት ብቻ ነው።

ሁለተኞቹ ኢትዮጵያውያን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ናቸው። ክርክሩ ጉዳዩን ከውጭ በአውሮፕላን የሚመጣ ነገር አድርጎ ስለያዘው እነርሱ በውስጡ ሊኖሩ አልቻሉም። ከእነርሱ መካከል ከዓፀዱ ቆመው የሚጸልዩ፣ የንስሐ አባት ያላቸው ወይም ከሸሹ ዓመታት ያለፉ ሰዎች ይኖራሉ። ከላይ የተገለጸው የዝምታ ሥርዓት መጠለያቸውም ነው፤ እስር ቤታቸውም ነው። በ2011 ዓ.ም. ለሳምንታት የዘለቀው ጩኸት ለቶቶ ቱርስ ደንበኞች የተሰረዘ ወይም ያልተሰረዘ የዕረፍት ጊዜ ጉዳይ ነበር፤ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር በታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ለሚሰማ ወጣት ግን ጎረቤቱ፣ ሾፌሩና ረዳቱ ስለ እርሱ ምን እንደሚያስቡ በአንድ ቀን የሰማበት ነበር። የውጭው ድርጅት ስያሜውን ሲያወጣ ይህን ሰው አላማከረውም፤ ተቃዋሚዎቹም መኖሩን አላሰቡም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመመረቂያ ጥናቷ ልትመለከተው ያሰበችው ይህን ከዋናው መድረክ ራቅ ያለውን ክፍል ነው፤ በውጭ አስጎብኚዎችና በአገር ውስጥ ድርጅቶች መካከል የሚፈረሙ ውሎች ስለ ሠራተኛው ደኅንነት ምን እንደሚሉ። እስካሁን ያየቻቸው ጥቂት ውሎች ስለ መድን፣ ስለ መኪና ብልሽት፣ ስለ በረራ መሰረዝና ስለ ዕቃ መጥፋት በዝርዝር ይናገራሉ። እንግዶቹን ስላስተናገደ ዛቻ ስለሚደርስበት አስጎብኚ የሚናገር አንቀጽ በአንዱም ውስጥ አልተገኘም። በአንደኛው ውል አባሪ ላይ ግን ያው የክፍል ዝርዝር ተያይዟል። ከ14ቱ ስሞች በሁለቱ ፊት «ደብል» የሚለው በእስክሪብቶ ተሰርዞ «ትዊን» ተብሏል።